አቧራ፣ ነፋስና ኒውትሮን፦ ከቪየና እስከ ጄኔቫ

አንድ አገር «የኒውክሌር ቦምብ የለኝም» ወይም «ያለኝን ቀንሻለሁ» ሲል ሌላው በምን ያውቃል? ግማሹ መልስ ያለው ዲፕሎማቶች ጋ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ግማሽ ዕድሜ፣ ስለ ጋማ ጨረርና ስለ ኒውትሮን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ግማሽ ዕድሜ ማለት ጨረር የሚረጭ ነገር ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ጋማ ዓይን የማያየው ብርቱ ጨረር ነው፤ ኒውትሮን ደግሞ ከአተም እምብርት የሚወጣ፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ቅንጣት ነው። እነዚህ ነገሮች ሥራ ላይ ውለው የማየት ዕድል ሲመጣልኝ ዓይኔን አላሸሁም። ከተለያዩ አገሮች የተውጣጣን መምህራንና ተመራማሪዎች ለአጭር ሥልጠና ተሰባሰብን። መንገዳችን ከቪየና ተነስቶ ጀርመን ውስጥ ባሉት በካርልስሩህና በፍራይቡርግ አድርጎ ጄኔቫ ላይ ያበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰኞ፤ ቪየና

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ በተራው ባቡር ገባን። ዋጋው 5 ዩሮ አልሞላም። ለከተማው ደግሞ የ24 ሰዓት ቲኬት በ8 ዩሮ ገዛን። ያቺ አንድ ቲኬት ለምድር ውስጥ ባቡሩም፣ ለትራሙም፣ ለአውቶቡሱም ትሠራለች። በቀይ መስመር ተሳፍረን ዳኑብን ስንሻገር የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃዎች ብቅ አሉ። ከላይ ቢታዩ ሦስት ክንድ ያላቸው፣ ግድግዳቸው ወደ ውስጥ የጎበጠ ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው። የተከፈቱት በ1979 ነው። ኦስትሪያ ያከራየችው በዓመት 1 ሽልንግ ነው። በዛሬ ገንዘብ 7 ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ከተማ አንድ ቡና ከ4 ዩሮ በላይ እንደሚሸጥ ሳስብ የዚህን ግቢ ኪራይ ደጋግሜ አነሳሁት።

በር ላይ ፓስፖርት ይታያል፣ ቦርሳ ይፈተሻል። ውስጡ የአባል አገሮች ባንዲራ በክብ የተተከለበት ሰፊ አደባባይ አለ። በ1957 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም፣ የኒውክሌር ሙከራን ሁሉ የሚያግደውን ስምምነት የሚያስፈጽመው ድርጅትም እዚሁ ግቢ ናቸው። የሁለቱ ሥራ ይለያያል። አንደኛው በአገሮች ፈቃድ ፋብሪካቸው ገብቶ ዩራኒየምና ፕሉቶኒየማቸውን ይቆጥራል። ሌላው ዓለምን ከሩቅ ያዳምጣል።

ጠዋቱን ያሳለፍነው በአዳማጮቹ ቤት ነው። ስምምነቱ ለፊርማ የቀረበው በሴፕቴምበር 1996 ነው። እስካሁን በሕግ ሥራ ላይ አልዋለም፤ ኒውክሌር የሚያውቁ 44 አገሮች በሙሉ ማጽደቅ አለባቸው፣ ከእነሱም ያላጸደቁ አሉ። ማዳመጫው ግን ሕጉን አልጠበቀም። በእቅዱ መሠረት 337 ጣቢያዎችና ቤተ ሙከራዎች አሉት። 170ዎቹ የመሬት መንቀጥቀጥ ይለካሉ። 11ዱ ውቅያኖስ ውስጥ ድምፅ ያደምጣሉ። 60ዎቹ ጆሮ የማይሰማውን የአየር ሞገድ ይይዛሉ። 80ዎቹ አየሩን እያጣሩ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ይፈልጋሉ። ግድግዳ ላይ ያለውን ካርታ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው የኛን ነው። አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ጣቢያ በነጥብ ተቀምጧል። ደስ አለኝ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን ያጸደቀችው በ2006 ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 9 ሰሜን ኮሪያ የመጀመሪያ ሙከራዋን አደረገች። መሬቱ ሲነቃነቅ ጣቢያዎቹ ወዲያው ያዙት። የመሬት መንቀጥቀጥና ፍንዳታ ሞገዳቸው ይለያያል። መንቀጥቀጥ ማለት አለት በአለት ላይ ሲንሸራተት ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ይገፋል፣ በሌላው ይስባል። ፍንዳታ ግን በሁሉም አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ፍንዳታ መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ብዙ ተራ ፈንጂ በአንዴ ቢፈነዳስ? ሞገዱ ይህን አይመልስም። መልሱ የመጣው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ካናዳ ሰሜን የሎውናይፍ ከሚባል ቦታ ነው። እዚያ ያለው ጣቢያ ዜኖን 133 የሚባለውን ጋዝ በአየር ውስጥ አገኘ። ተራ ፈንጂ ዜኖን 133 አይፈጥርም፤ እሱ የሚፈጠረው አተም ሲሰነጠቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኤጀንሲው ሰዎች ተሻገርን። አስተናጋጃችን ረጅም ዓመት ተቆጣጣሪ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ክብ የብረት ማኅተም አስቀመጡ። ከሸሚዝ ቁልፍ ጥቂት ትበልጣለች። ተቆጣጣሪ የዩራኒየም በርሜል ወይም የካሜራ ሳጥን ሲዘጋ ሽቦ አሳልፎ በዚህች ማኅተም ይቆልፋል። ከፈት አድርገው ውስጧን በማጉያ አሳዩን። የተጫጫረ ነው። ያ ጭረት የእያንዳንዷ ማኅተም መታወቂያ ነው። ከመላኳ በፊት ፎቶ ትነሳለች። ስትመለስ ጭረቱ ከፎቶው ጋር ይተያያል። አንድ ሰው አስመስሎ ሌላ ቢሠራ ያን ጭረት መድገም አይችልም። አሁን አሁን በመስታወት ክርና በብርሃን የሚሠሩ ማኅተሞችም አሉ፤ ለእኔ ግን ያቺ የተጫጫረች ብረት በልጣብኛለች።

እንዲህ ተቆልፎ የሚጠበቀው ስንት ቢሆን ነው? ቁጥሩን ጠየቅናቸው። ኤጀንሲው አንድ ቦምብ ሊያሠራ ይችላል ብሎ የሚያስበው መጠን 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም፣ ወይም በከፍተኛ ደረጃ በበለጸገ ዩራኒየም ውስጥ ያለ 25 ኪሎ ዩራኒየም 235 ነው። ዩራኒየም 235 ለቦምብ የሚሆነው የዩራኒየም ዓይነት ነው፤ ማበልጸግ ማለት የእሱን ድርሻ ማብዛት ነው። 8 ኪሎ ፕሉቶኒየም በጣም ከባድ ብረት ስለሆነ መጠኑ ግማሽ ሊትር አይሞላም። በእጅ ቦርሳ ይገባል። ክፍሉ ዝም አለ።

ማታ መንገድ ዳር ካለ የቋሊማ ሱቅ ቆመን በላን። ውስጡ አይብ ያለበት ቋሊማ፣ ሰናፍጭና ዳቦ፣ 6 ዩሮ ገደማ። ሲነክሱት የፈላው አይብ ይፈናጠራል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ።

ማክሰኞ፤ ዛይበርስዶርፍ

ሚኒባሳችን በስተደቡብ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። መንገዱ ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ የበቆሎ ማሳ፣ ከማሳው በላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች። የኤጀንሲው ቤተ ሙከራዎች እዚህ ገጠር ውስጥ ናቸው። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ናሙና መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ነው።

ናሙናው ምንድነው ካላችሁ፣ ጨርቅ ነው። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ነጭ የጥጥ ጨርቅ። ተቆጣጣሪው ጓንት አድርጎ ፋብሪካው ውስጥ ጠረጴዛ፣ የበር እጀታ፣ የቱቦ ጫፍ ይጠርግባታል። ከዚያ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ታሽጋ ትላካለች። ቤተ ሙከራ ስትደርስ ላይዋ ላይ ኮድ እንጂ የአገር ስም የለም። መርማሪው የማንን አቧራ እንደያዘ አያውቅም። ይህ ነገር በጣም ነው የገባኝ። ውጤቱን ማንም «ጠልተውን ነው» እንዳይለው የተደረገ ነው።

ንጹሕ ክፍሉን በመስታወት ነው ያየነው። ገብተን ብንሆን በጫማችንና በፀጉራችን የምንወስደው አቧራ ሥራውን ባበላሸው ነበር። ሠራተኞቹ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። ጨርቋ መጀመሪያ ሳትነካ በጋማ መለኪያ ትታያለች። ከዚያ ላይዋ ያለው ብናኝ ይነሳና በማይክሮስኮፕና በግዙፍ የማስ ስፔክትሮሜትር ይመረመራል። ማሽኑ አንዲትን ብናኝ ነጥሎ ኤሌክትሪክ በያዙ አተሞች (አይኦን) ጨረር ይደበድባትና ከላይዋ የተነሱትን አተሞች በክብደታቸው ይለያል። ብናኟ ስፋቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው። ክብደቷ በግራም ትሪሊዮንኛ ይቆጠራል። ከሷ የሚፈለገው መልስ ግን ግልጽ ነው፤ ዩራኒየም 235 ስንት በመቶ ነው? ከመሬት የወጣ ከሆነ 0.7 በመቶ። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ከሆነ ከ3 እስከ 5 በመቶ። 90 በመቶ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

ይህ ዘዴ ሥራ ላይ የዋለው ከ1991 የኢራቅ ጉዳይ በኋላ ነው። ኢራቅ ተቆጣጣሪዎች በሚጎበኙት ግቢ የማያውቁት ፕሮግራም ነበራት። ከዚያ በኋላ ያስመዘገቡትን ብቻ ቆጥሮ መመለስ እንደማይበቃ ታወቀ። የአቧራውን አቅም በደንብ ያሳየው ደግሞ 2003 ነው። የኢራን ዋና ከተማ ቴህራን ውስጥ ካላዬ ኤሌክትሪክ የሚባለው፣ የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያ ይሠራበት የነበረ ቦታ፣ ከመጎብኘቱ በፊት ታድሶ ነበር። ያም ሆኖ ከጨርቆቹ ላይ ከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ብናኝ ተገኘ። በኋላ በተደረገው ምርመራ አብዛኛው ብናኝ ከፓኪስታን ከመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች ጋር እንደመጣ ኤጀንሲው ደርሶበታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቀለም መቀባት አቧራውን አላጠፋውም። ሁለተኛ፣ ያው አቧራ ክሱን ብቻ ሳይሆን ማስተባበያውንም ይዞ ነበር።

ምሳ ካፍቴሪያ ነው የበላነው። ሾርባና የተጠበሰ ዶሮ። ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም።

ረቡዕ፤ መንገድ ላይ

ከቪየና ካርልስሩህ በባቡር የቀን ሙሉ መንገድ ነው። ባይበላሽ ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩት። ሙኒክ ከመድረሳችን በፊት ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ። መጀመሪያ «ጥቂት ደቂቃ» ተባለ። ከዚያ «የምልክት ብልሽት» ተባለ። ከዚያ ምንም አልተባለም። ስንደርስ የምንቀይረው ባቡር ሄዷል። ቀጣዩ ላይ ቦታ ስላልነበረ ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን ነው የሄድነው። ካርልስሩህ ስንገባ ሊነጋጋ ምንም አልቀረውም። እንግዳ ማረፊያው ተዘግቷል። ቁልፉ ያለው በር አጠገብ ባለ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ኮድ ደግሞ ያልተነበበ መልእክት ውስጥ ነበር። ከቡድናችን አንዲት ስልኳ ያልዘጋባት ልጅ አዳነችን።

ሙኒክ ጣቢያ ቆመን ስንጠብቅ ግን አንድ ጥሩ ነገር ሆነ። ጀርመናዊው አስተባባሪያችን በዚህች ከተማ አየር ማረፊያ ኦገስት 10 ቀን 1994 የሆነውን አጫወተን። ከሞስኮ በመጣ አውሮፕላን በተጫነ ሻንጣ ውስጥ 363 ግራም ፕሉቶኒየም ተያዘ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ደግሞ ቴንገን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ 6 ግራም ገደማ እጅግ የጠራ ፕሉቶኒየም 239 ተገኝቷል። ሁለቱም ናሙናዎች የሄዱት እኛ ወደምንሄድበት ነው።

ሐሙስ፤ ካርልስሩህ

ካርልስሩህ ከቤተ መንግሥቱ ተነስቶ መንገዶቹ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ከተማ ናት። ቤተ ሙከራው ከከተማው በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጫካ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ነው። ፕሉቶኒየምና ዘመዶቹን ሲያጠና ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ድንበር ላይ የተያዘ ቁስ ሲገኝ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ለምን እንደታሰበ የሚጠየቀው እነሱ ናቸው።

ወደ ውስጥ ስንገባ የጨረራ በሩ ጮኸ። ሁላችንም ቆምን። ጠባቂዎቹ አልተደናገጡም። አንድ በአንድ አሳለፉን። የሚያስጮኸው አንድ ረጋ ያለ የሥራ ባልደረባችን ሆኖ ተገኘ። ጉዞው ከመጀመሩ ሳምንታት በፊት ለእንቅርቱ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስዶ ነበር። የሐኪም ደብዳቤውን ከቦርሳው አወጣ። እነሱ ግን ደብዳቤውን ከማንበባቸው በፊት የእጅ መለኪያ አንገቱ አጠገብ ያዙ። በመለኪያው መስኮት ላይ ነጠብጣቦች ቀስ በቀስ ተከማቹና አንድ ጉብታ ሠሩ። ጉብታው 364 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ «አዮዲን 131፤ ሕክምና» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤውን ያዩት። እያንዳንዱ አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነት፣ ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር የሚለይ) የራሱ ጉብታ አለው፤ ሲዚየም 137 በ662፣ ዩራኒየም 235 በ186። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስንት ጊዜ ስዬላቸዋለሁ! በሰው አንገት ላይ ሲታይ ግን ሌላ ነው።

አስጎብኛችን እንደነገሩን ወደብና ድንበር ላይ ያሉ በሮችን በብዛት የሚያስጮኹት እንዲህ ያሉ ታካሚዎች፣ የሴራሚክ ጭነት፣ ማዳበሪያና የድመት አሸዋ ናቸው። ሴራሚኩና ማዳበሪያው ውስጥ በተፈጥሮ ፖታስየም 40 አለ። ማንቂያው ሲጮህ ችግሩ «ጨረራ አለ ወይ» አይደለም፤ «የማን ነው» ነው። እውነት ለመናገር በጣም አስቸጋሪው የበለጸገ ዩራኒየም ነው። ጋማው ደካማ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር እርሳስ ያፍነዋል። ፕሉቶኒየም ይሻላል። ውስጡ ያለው ፕሉቶኒየም 240 ማንም ሳይነካው በራሱ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ ግራም በየሴኮንዱ 1000 ያህል ኒውትሮን ይወጣል። ኒውትሮን እርሳስን አይፈራም።

ኒውትሮን ለመቁጠር የተለመደው ጋዝ ሂሊየም 3 ነው። ሂሊየም 3 የሚገኘው ትሪቲየም የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ሲፈርስ ነው፣ ትሪቲየሙ ደግሞ በብዛት የተመረተው ለቦምብ ነው። ስለዚህ የቦምብ ምርት ሲቀንስ የመፈተሻው ጋዝ እጥረት ገጠመው። ከ2009 ገደማ ጀምሮ ሌሎች መንገዶች እየተፈለጉ ነው፤ በቦሮንና በሊቲየም የሚሠሩ መለኪያዎችን አሳይተውናል።

የቀኑ ትልቁ ትምህርት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ፕሉቶኒየም 241 በ14 ዓመት ገደማ ግማሹ ወደ አሜሪሲየም 241 ይለወጣል። ፕሉቶኒየም ጥቅም ላይ ከዋለ የኒውክሌር ነዳጅ ሲለይ አሜሪሲየሙ ይወገዳል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደገና መጠራቀም ይጀምራል። ስለዚህ የሁለቱን መጠን ለክቶ የተለየበትን ጊዜ ማስላት ይቻላል። በ1992 ሰሜን ኮሪያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ 90 ግራም ያህል ፕሉቶኒየም እንደለየች አስመዝግባ ነበር። ተቆጣጣሪዎች የወሰዱት ናሙና ሲለካ ግን ሥራው በተለያዩ ዓመታት ተደጋግሞ መሠራቱን አሳየ። ሰነድ ሊስተካከል ይችላል። አሜሪሲየም የሚጠራቀምበትን ፍጥነት የሚያስተካክል ቢሮ የለም።

ቅዳሜ፤ ፍራይቡርግና ሻውኢንስላንድ

ዓርብ ማታ ፍራይቡርግ ገባን። መንገዶቿ ዳር ጠባብ የውኃ ቦዮች ይፈሳሉ። ጠዋት ካቴድራሉ ዙሪያ ባለው ገበያ ረጅሙን ቀይ ቋሊማ በሽንኩርት በላን። 4 ዩሮ አልሞላም፣ ከቪየናው እሱ ይሻላል። ከዚያ 2 ቁጥር ትራም፣ ቀጥሎ 21 ቁጥር አውቶቡስ፣ ቀጥሎ በገመድ የሚሄደው ካቢን። ገመዱ 3.6 ኪሎ ሜትር ነው። ከ1930 ጀምሮ ይሠራል። ከጥቁር ጫካው ዛፎች በላይ ሲወጣ ከሩቅ የራይን ሸለቆ ይታያል። ግማሽ መንገድ ላይ ነፋስ ስለበረታ ካቢኖቹ ቆሙ። እየተወዛወዝን ጠበቅን። አንዷ ጓደኛችን ዓይኗን ጨፍና እጄን ያዘች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተንቀሳቀሰ።

ተራራው 1284 ሜትር ነው። ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ የጀርመን የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት ጣቢያ አለ። በዚህ ተራራ ላይ በ1950ዎቹ ከሩቅ አገር የቦምብ ሙከራ የመጣ ራዲዮአክቲቭ ብናኝ ተለክቷል። ዛሬ ከዓለም አቀፉ ማዳመጫ አባላት አንዱ ነው። ከውጭ ሲታይ ጣራው ላይ ቱቦ የበዛበት ቤት ነው። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ፓምፖቹ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ለመነጋገር መጠጋጋት ነበረብን።

እዚህ የሚታደነው ዜኖን ነው። ዜኖን ከምንም ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ከመሬት ሥር ከተደረገ ፍንዳታ በአለት ስንጥቅ ሾልኮ የሚወጣው እሱ ነው። ሌላው አለቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በአየር ውስጥ ያለው ዜኖን በጣም ጥቂት ነው፤ ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ብዙ ሜትር ኩብ አየር ስቦ፣ ውኃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወግዶ፣ ዜኖኑን ከሰል ላይ ይይዘዋል። ከዚያ ትንሿ ጋዝ መለኪያ ውስጥ ትገባለች። ዜኖን 133 ሲፈርስ ኤሌክትሮንና 81 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሁለቱ አብረው ካልታዩ የማይቆጥሩ መለኪያዎች አሉ። እንዲህ ነው ዙሪያውን ከሞላው ተፈጥሯዊ ጨረራ የሚለዩት።

ጣቢያዎቹ ሊይዙት የሚገባ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ሚሊቤክሬል ነው። ምን ማለት ነው? በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ በ1000 ሴኮንድ አንድ አተም ብቻ ይፈርሳል። ስክሪኑ ፊት ቆሜ ሰዓቴን ያዝኩ። 1000 ሴኮንድ ከ16 ደቂቃ በላይ ነው። አንድ አተም!

ሥራው ግን ይህን በመያዝ አያበቃም። ለካንሰርና ለልብ ምርመራ የሚውለውን አይሶቶፕ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ዜኖን ይለቃሉ። አውሮፓ ውስጥ ቤልጅየም ያለው ፋብሪካ ይታወቃል። ስለዚህ አራቱ የዜኖን ዓይነቶች እርስ በርስ ይመዘናሉ። የአንዱ ግማሽ ዕድሜ 9 ሰዓት ነው፣ የሌላው 2 ቀን፣ የዜኖን 133 5 ቀን፣ የመጨረሻው 12 ቀን ገደማ። ከፍንዳታ የወጣና ከፋብሪካ የወጣ ድርሻቸው አንድ አይደለም። ከዚያ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ነፋሱን ወደ ኋላ ያሰላሉ። ሰሜን ኮሪያ በፌብሩዋሪ 2013 ሙከራ ስታደርግ ለሳምንታት ምንም አልተገኘም። ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ነበር ማለት ይቻላል። ከ55 ቀን በኋላ ጃፓን ታካሳኪ ላይ ዜኖን ተያዘ፤ ድርሻው ሲሰላ ከሙከራው ቀን ጋር ገጠመ።

እኔ ከጉዞው ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ጣቢያ ነው። ዛይበርስዶርፍ የምትደርሰው ጨርቅ በር ከፍቶ የሚያስገባ አገር ትፈልጋለች። ሰሜን ኮሪያ በ2009 ተቆጣጣሪዎችን አስወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ከግቢዎቿ የሚመጣ ጨርቅ የለም። እዚህ ተራራ ላይ ያለው ፓምፕ ግን የሚጠብቀው ነፋስን ነው። ይህን የመሰለ ማሽን በየአገሩ ጠግኖ፣ ማጣሪያ ቀይሮ፣ ሌሊት ማንቂያ ሲጮህ ተነስቶ የሚያድር ቴክኒሽያን ሊመሰገን ይገባዋል። ስሙን ማንም አያነሳውም።

ሰኞ፤ ጄኔቫ

በባዝል በኩል ዞረን ጄኔቫ ገባን። ሆቴል የሚያድር እንግዳ ለከተማው ትራንስፖርት ነጻ ካርድ ይሰጠዋል። ይህን ውሰዱት፣ ሌላው ሁሉ ያስከፍላልና። ሐይቁ ዳር የበላነው የአይብ ፎንዱ ለአንድ ሰው 25 ፍራንክ ገደማ ነበር። ያውም ርካሽ በሚባለው ቦታ። ቪየና ላይ ሁለት ቀን የበላንበትን ነው እዚህ በአንድ ምሽት ያወጣነው።

የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ሰፊ መናፈሻ ውስጥ ነው። ፒኮኮች በግቢው እንደልባቸው ይንጎራደዳሉ። በ1958 ጁላይና ኦገስት ላይ የምሥራቅና የምዕራብ ሳይንቲስቶች በዚህች ከተማ ተቀምጠው የቦምብ ሙከራ ከሩቅ ይታወቅ እንደሆነ ተከራክረዋል። ቪየና ያየነው ማዳመጫ ዘሩ የተዘራው እዚህ ነው። በ1976 የተቋቋመው የሳይንቲስቶች ቡድን ለዓመታት ጣቢያ ከጣቢያ እያገናኘ ሞክሮታል፣ ስምምነቱ ከመፈረሙ ሃያ ዓመት በፊት።

የመጨረሻው ትምህርታችን ስለ ቦምቡ ራሱ ነበር። አስተማሪያችን ጡረታ የወጡ የፊዚክስ ሰው ናቸው። ሁላችንም «ጋሽዬ» ብለን ልንጠራቸው የሚያምረን ዓይነት ሰው። ከ1987ቱ የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት የመካከለኛ ርቀት ሚሳይል ስምምነት ጀመሩልን። ሶቪየቶች ኤስኤስ 20 የሚባለውን ሊያጠፉ፣ ኤስኤስ 25ን ሊያስቀሩ ተስማሙ። ከውጭ ሲታዩ በከፊል ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ሦስት ቦምብ ይሸከማል፣ ሁለተኛው አንድ። ተቆጣጣሪዎች ሚሳይሉ በታሸገበት ቱቦ ውጭ ኒውትሮን ይቆጥሩ ነበር። የሦስትና የአንድ ቦምብ ኒውትሮን አይመሳሰልም። ማሸጊያው ሳይከፈት ለየላቸው።

ጁላይ 1989 ላይ ደግሞ የአሜሪካና የሶቪየት ሳይንቲስቶች ጥቁር ባሕር ላይ ስላቫ በተባለው የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ ቱቦ ውስጥ ያለ እውነተኛ የሚሳይል ቦምብ በጋማ መለኪያ ለኩ። ዩራኒየሙም ፕሉቶኒየሙም ጉብታቸው ወጣ። ከሄሊኮፕተር ላይም ኒውትሮኑ ተያዘ። ያ መርከብ በኋላ ሞስክቫ ተባለ፤ በ2022 በዚያው ባሕር ሰጠመ።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? መለኪያው ብዙ ማየቱ ነው። ጥሩ የጋማ መለኪያ የቦምቡን ስሪት ይናገራል። ያንን ደግሞ የኒውክሌር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነት ራሱ ቦምብ ለሌለው አገር እንዳይሰጥ ይከለክላል። ስለዚህ መለኪያው ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆኖ ይፈርዳል። ወደ ውጭ የሚወጣው አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት ብቻ ነው። አሜሪካ፣ ሩሲያና ኤጀንሲው ከ1996 እስከ 2002 በዚህ ላይ ሠርተዋል። ብሪታንያና ኖርዌይም ሳጥኑን በጋራ ሠርተው፣ በቦምብ ፈንታ ኮባልት 60 በሚባል ራዲዮአክቲቭ ብረት ሞክረውታል። የሚያከራክረው ሳጥኑን ማን ይሥራው የሚለው ነው። ባለቤቱ ከሠራው ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲያበራ ሊያደርገው ይችላል። ተቆጣጣሪው ከሠራው ምስጢሩን ደብቆ ሊያስቀር ይችላል።

በ2014 አሜሪካ ያለው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሌላ መንገድ አቀረቡ። እውነተኛ መሆኑ የታወቀ አንድ ቦምብና የሚፈተሸው ቦምብ በ14 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኒውትሮን ይተኮስባቸዋል። ከኋላቸው ያሉት መለኪያዎች አስቀድመው በባለቤቱ የተሞሉ ናቸው፤ የታወቀው ቦምብ የሚያስተላልፈው ጥላ ሲደመርበት ሁሉም ቦታ እኩል እንዲሆን። የሚፈተሸውም አንድ ዓይነት ከሆነ ውጤቱ ዝርግ ይሆናል፣ ምንም አይነገርበትም። ከተቀየረ ግን ጥላው ይወጣል። ይህ በሚዛን ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት እንደመስቀል ነው። ሚዛኑ ቀጥ ካለ እኩል መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ስንት ኪሎ እንደሆኑ ግን አታውቁም። ባለቤቱ ከረጢቶቹን እንዳያጭበረብር ተቆጣጣሪው የትኛው መለኪያ ከየትኛው ቦምብ ጋር እንደሚሄድ ራሱ በዕጣ ይመርጣል። አስተማሪያችን ይህን ሰሌዳ ላይ ሲጨርሱ ተነስቼ ማጨብጨብ ነበር ያማረኝ።

ፊዚክሱ ይህን ያህል ሄዷል። በሩ ግን እየጠበበ ነው። በአሜሪካና በሩሲያ መካከል የነበረው፣ የረጅም ርቀት የኒውክሌር መሣሪያቸውን የሚገድበው አዲሱ ስታርት የሚባለው ስምምነት በዓመት 18 ጉብኝት ይፈቅድ ነበር። በ2020 በወረርሽኙ ቆመ። በ2023 ሩሲያ ተሳትፎዋን አገደች። ስምምነቱ ላይ የተጻፈው የጊዜ ገደብ ፌብሩዋሪ 2026 ነበር። በዚያው 2023 ሩሲያ የሙከራ እገዳውን ማጽደቋን አንስታለች። ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። መለኪያውን የሚሠሩ ሰዎች ግን አሁንም እየሠሩ ነው። አስተማሪያችን እንዳሉን ስምምነት ሲፈለግ በአንድ ጀምበር ሊፈለግ ይችላል፤ አዲስ መለኪያ ፈትኖ ሁለቱንም ወገን ማሳመን ግን ዓመታት ይወስዳል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ቪየና ያለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ለማንም ሰው በአስጎብኚ ይታያል፤ ፓስፖርት ያዙ። ጄኔቫም እንዲሁ፣ ግን ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ዛይበርስዶርፍና ካርልስሩህ በቡድንና በቀጠሮ እንጂ በግል አይሞከርም። ሻውኢንስላንድ በገመዱ ማንም ይወጣል፤ ጣቢያው ውስጥ ለመግባት ግን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። የገመድ ካቢኑ በነፋስ ቀን ስለሚቆም ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ። በቅርብ ጊዜ ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የወሰደ ሰው ካለ ደግሞ የሐኪሙን ደብዳቤ ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይያዝ።